በሲንቄ መሀል ያለፉት ብስክሌቶች

አምቦ፣ ኅዳር 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለለንሳ፣

የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ውርጭ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ ብዕር አልይዝ ይለኛል። ጤናዬ ደህና ነው። አጎትሽ ዋቅጋሪም ደህና ነው። ሽማግሌ ሊቀበል ነውና ካሁኑ ጋቢውን አሳጥቦ በላስቲክ ሸፍኖ ሰቅሎታል። ለሚያገኘው ሁሉ «የእህቴን ልጅ ለጨዋ ሰው ልሰጥ ነው» ይላል። ጎረቤቶቻችን ሰላም ይሉሻል። የላክሽልኝ የጉልበት ቅባት ደርሶኛል፤ ሽታው አያስተኛም እንጂ ጥሩ ነው።

ቅዳሜ ማታ ደውለሽ «የብስክሌቱ ጉዞ እንዴት ነበር? ንዋይስ እንዴት ነው?» ስትይኝ «ሁሉም ደህና ነው» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። የእኔ ስልክ ባትሪው አልቆ ነበርና የደወልሽው በንዋይ ስልክ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስልኩን በእጁ ይዞልኝ፣ ትከሻዬን ታክኮ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህም ልደውልልሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መለስኩት። አፌን ታውቂዋለሽ፤ ነገር ሲከብደው ይያዛል። ብጽፈው ይሻላል አልኩ። አብራሽ ላቦራቶሪ የምትሠራው ሃዋኒ ፈቃዷን ጨርሳ አርብ ትመለሳለች፤ አሽጌ በእሷ እልክልሻለሁ። ከታኅሣሥ 14 በፊት ሊደርስሽ ይገባል። የዚያን እሁድ የንዋይ ሽማግሌዎች ቤታችን ይመጣሉ፤ አጎትሽም «ሰጥተናል» ሊላቸው ቆርጧል። ከዚያ በፊት ያየሁትን ማወቅ አለብሽ።

«እማዬ፣ ሁለት ቀን አብረሽው ብትውዪ ታውቂዋለሽ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እውነትሽን ነው። ሁለት ቀን ግን አላስፈለገኝም።

ንዋይ የሚመራቸው ብስክሌተኞች አሥራ አራት ናቸው፤ ዘጠኙ ፈረንጆች፣ አምስቱ የአዲስ አበባ ልጆች። ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ደንዲ ሐይቅ አድረው፣ አርብ አምቦ ገቡ። ቅዳሜ በጉደር በኩል ሸነን ደርሰው ሊያድሩ፣ እሁድ ሊመለሱ ነበር። ምግብ የምትሠራላቸው ሴት ስለታመመችበት ነው እኔን የጠየቀኝ። ንዋይ በትንሿ መኪና ከፊት ሆነ፣ ብስክሌተኞቹ መሀል፣ እኔና ሹፌሩ ጃርሶ ድስቱን፣ ጋዙንና የውሃውን ካርቶን በጫነው አይሱዙ ከኋላ። ጃርሶን አታውቂውም። የጉደር ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። እንግዳ ሲያመላልስ እንግሊዝኛ ለምዷል።

ጉደር ገበያው ዳር ስንደርስ ሽንኩርት ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ብስክሌተኞቹን ማየት ያዙ። ልብሳቸው ጭናቸው ላይ የተለጠፈ ነው።

«እነዚህን ሰዎች ሱሪያቸውን ማን ገፈፋቸው?» አለች አንዷ።

«አልተገፈፉም፤ ላያቸው ላይ ሰፍተውባቸው ነው» አለቻት ጎረቤቷ። «ማታ በቢላ ነው የሚከፈቱት።»

ጃርሶ መሪውን እስኪለቅ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የዚያን ቀን ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ከጉደር ወዲያ አገሩ እንዴት እንደሚያምር ለአንቺ አልነግርሽም። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ስንዴው ገና ቆሟል፤ አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና እያሉ እጃቸውን ያወዛውዙልን ነበር። እንግዶቹም መልሰው ያወዛውዛሉ። ደስ ይል ነበር፤ መጥፎውን ብቻ ልጽፍልሽ አልፈልግም።

ቁልቁለቱን ጨርሰን አንድ መንደር ስንደርስ ከመንገዱ በላይ ምንጭ አለ። ሰባት ስምንት ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ንዋይ ሁሉንም አስቆመ። የብስክሌቶቹ ሰንሰለት አቧራ ጠጥቷል ብሎ በሳሙና አሳጠባቸው፤ ከታች ሳይሆን እዚያው ምንጩ አፍ ላይ።

አንዲት ሴት ቀረብ ብላ «ወንድሜ፣ ከታች በኩል ብታጥቡትስ? ይኼ የሚጠጣ ነው» አለችው።

«ሁለት ደቂቃ ነው፣ እናቴ። እንግዶች ናቸው» አላት በኦሮምኛ፣ በዚያ በምታውቂው ፈገግታው።

ግማሽ ሰዓት ሆነ። ጥቁሩ ቅባት ከአረፋው ጋር ወርዶ ሴቶቹ የሚቀዱበት ጉድጓድ ውስጥ ተንሳፈፈ። ሲጨርስ እፍኝ ከረሜላ አውጥቶ በሴቶቹና ይዘዋቸው በመጡት ልጆች አናት ላይ በተነ፤ ልጆቹ መሬት ላይ ሲሻሙ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ በስልኩ ቀረጻቸው። ሴትዮዋ ከረሜላውን አላየችውም። ቅባቱን በመዳፏ እየጨለፈች ወደ ውጭ ትደፋ ነበር።

ይህን ሁሉ ቆሜ አየሁ። ግን ምን አልኩ መሰለሽ? ሥራ ከብዶበት ነው፣ ለእንግዳ ተጨንቆ ነው አልኩ። ሰው ለልጁ ባል ሲመኝ ዓይኑን በገዛ እጁ ይሸፍናል።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ የእንሰቱ አገር ሲጀምር፣ መንገዱ ላይ ሴቶች ቆመው አየን። አርባ ያህል ይሆናሉ። በአንድ እጃቸው ርጥብ ሣር፣ በአንድ እጃቸው ሲንቄ ይዘዋል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ያዜማሉ። ሲንቄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ግን ከተማ ስላደግሽ ሲወጣ አላየሽ ይሆናል። ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ያች ቀጭን በትር ናት። ባል ሚስቱን የበደለ እንደሆነ፣ በተለይ አራስ የመታ እንደሆነ፣ ተበዳይዋ ትጮኻለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ድስቷን እሳት ላይ ትታ በትሯን ይዛ ትወጣለች። በዳዩ ከሽማግሌ ጋር መጥቶ እስኪለምን ድረስ አንዷም ቤቷ አትመለስም። በመንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሰልፋቸውን አይቆርጥም። እኔ ያደግሁት እንዲህ ሲደረግ እያየሁ ነው፤ ንዋይም እንዲሁ።

ከወዲያ አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ሲመጡ ሴቶቹን አዩ። ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በቅሎዋን እየሳቡ፣ አንገታቸውን ደፍተው በቦዩ ዳር አለፉ። የንዋይ መኪና ከፊት ነበረች፤ ሽማግሌውን ከእኔ ቀድሞ አይቷቸዋል።

የሴቶቹ መሪ አዴ ዱሬቲ የሚባሉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ አሮጊት ናቸው። ሣራቸውን ይዘው ወደ ንዋይ መስኮት ሄዱ። እኔም ምን ሆነው ይሆን ብዬ ከአይሱዙው ወርጄ ተጠጋሁ።

«ልጄ፣ አንተን እግዜር ነው ያመጣህ» አሉት በኦሮምኛ። «ያቺ ቢፍቱ ትባላለች። አራስ ናት፣ ሁለት ወሯ ነው። ባሏ በበርጩማ አገጯን መቷት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትኩሳት ይዟታል፣ አትውጥም፣ ጡቷ እየደረቀ ነው። የጠዋቷ አውቶቡስ አምልጣናለች። እኛ ነገራችን እስኪያልቅ ከዚህ አንሄድም፤ እሷን ብቻ ሸነን ጤና ጣቢያ አድርስልን።»

«እሺ እናቴ፣ እንወስዳታለን» አለና ሣሩን ተቀበላቸው።

ለንሳ፣ ልብ በይ፤ ሣሩን በእጁ ተቀበለ። ርጥብ ሣር የተቀበለ ሰው ቃል ገብቷል ማለት ነው፤ ይህን እዚያ አገር ሕፃንም ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ብስክሌተኞቹ ዞሮ እጁን ዘርግቶ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ጃርሶን «ምን አላቸው?» አልኩት።

«ሊቀበሏችሁ ነው የወጡት ይላል። እንግዳ በመሀላቸው ያልፋል፣ ባህላቸው ነው ይላል።»

«ምን?»

«እንደዚያ ነው ያለው፣ አዴ ወርቅቱ። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

ብስክሌተኞቹ ደወላቸውን እያቃጨሉ አንድ በአንድ በሴቶቹ መሀል አለፉ። ዜማው ተቋረጠ። ሴቶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ስለማያውቅ ምን እንደሚደረግ አላወቁም። አርባ ሴት ዝም ባለበት ያ ደወል ቅጭል ቅጭል ሲል እስካሁን ይሰማኛል። አንዱ ወጣት ከብስክሌቱ ወርዶ የአንዲቷን ሴት ሲንቄ ከእጇ ወሰደና ትከሻውን እየነቀነቀ ፎቶ ተነሣበት። ፈረንጆቹን አልቀየምኳቸውም። የተነገራቸውን ነው ያመኑት። አንዲት ጠጉሯ የነጣ ፈረንጅ ደግሞ ሽማግሌው ከበቅሎ ሲወርዱ አይታ ኖሮ፣ ማንም ሳይነግራት ከብስክሌቷ ወረደች። እየገፋች በቦዩ በኩል አለፈች። ንዋይ «ነይ፣ ነይ፣ አትፍሪ» እያለ በእጁ ቢጠራትም አልሄደችም። ያላወቀችው እንግዳ ወረደች፤ ያወቀው የአገር ልጅ አሳለፈ።

ሥራው በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ዝም እል ነበር። ንዋይ ቢፍቱ ጋ ሄደ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ሕፃኑን አቅፋ ቆማለች።

«እህቴ፣ ነጠላሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊና ፈገግ በይላቸው። ፎቶው ካለቀ መኪና ላይ ትወጫለሽ።»

ልጅቷ አደረገችው። መኪናውን ፈልጋ ነዋ! ነጠላዋን ዝቅ አደረገችና ፈገግ ልትል ሞከረች። የተሰበረ አገጭ ፈገግ ሲል እንዴት እንደሚሆን ለአንቺ መጻፍ አልፈልግም። ንዋይ ፊቱን ቅጭም አደረገ፤ አዝኖ መሰለኝ። አዝኖ አልነበረም። «ይቅር፣ ይቅር፣ ተሸፈኚ» ብሎ ክንዷን ይዞ ከሰልፉ በስተኋላ አቆማት፣ ፎቶው ውስጥ እንዳትገባ።

ከዚያ ሰዓቱን አየና አጨበጨበ፤ ብስክሌተኞቹ ተነሱ። ለአዴ ዱሬቲ «የኋላው መኪና ይወስዳታል» አላቸው። ወደ እኛ መጥቶ ደግሞ ጃርሶን «እንዳትቆም። እንግዶቹ ምሳ ሳይደርስ እንዳይቀድሙህ» አለው። ለእሳቸው አንድ ቃል፣ ለእኛ ሌላ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ሣሩን ወደ ቦዩ ወረወረው።

ጃርሶ ሞተር አስነሣ።

«አቁም» አልኩት።

«አዴ ወርቅቱ፣ ሰማሽው አይደል፣ ይቆጣል።»

«አቁም አልኩህ!»

ያ ድምፅ የእኔ መሆኑን እኔም አላወቅሁም። ጃርሶ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። «እንዲህ አይነት ድምፅ አለሽና ነው ከአምቦ ጀምሮ ዝም ያልሽኝ?» አለ። ወርዶም በሩን ለቢፍቱ ከፈተላት።

ስትወጣ አዴ ዱሬቲ እጄን ያዙኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺስ?» አሉኝ። «ያገባሽ አይደለሽም? ሲንቄሽ የታል?»

«ቤት ነው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት ልናዘዝ። ቤት የለም። ለአንቺ ልጅ ሳለሽ ምስጥ በላው ብዬሽ ነበር። ምስጥ አልነካውም። ተሰብሮ ነው፤ በምን እንደተሰበረ ግን ለአዴ ዱሬቲ አልነገርኳቸውም።

በመኪናው ውስጥ ሕፃኑን እኔ ያዝኩት። መንገዱ ጠጠር ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ቢፍቱ ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። ነጠላዋን አጣጥፌ በአገጯ ሥር አሳለፍኩና አናቷ ላይ አሰርኩላት፤ በጣም ሳይጠብቅ፣ ጥርስ ከጥርስ ሳይላቀቅ። ትንሽ ረፍት አገኘች። ጃርሶ በመስታወት ሲያየኝ ቆየና «ነርስ ነበርሽ እንዴ?» አለኝ።

«አይደለሁም» አልኩት።

ከሸነን መለስ ብሎ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ምሳ የሚበላው እዚያ ነበር። ብስክሌተኞቹ ጥላው ሥር ተጋድመዋል። ንዋይ ሲያየን ተነሥቶ በእጁ ምልክት ሰጠ። ጃርሶ አላቆመም። አስፋልት ያለ ይመስል ነዳው። ንዋይ እየጮኸ ከኋላችን ሮጠ፤ አቧራው ውስጥ ጠፋ። ጃርሶ «ብስክሌት አለው አይደል፣ ይከተለን» አለ።

ጤና ጣቢያ የነበረው ልጅ ጎበዝ ነው። አያት፣ መርፌ ወጋት። አገጯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ መግል ቋጥሯል፤ በአምቡላንስ አምቦ ሆስፒታል መላክ አለባት አለ። «ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ በሌላ መኪና ነበር የምትሄደው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ቆየን። ለሕፃኑ ወተት ገዝቼ በማንኪያ አጠጣሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ዋርካው ተመለስን።

እንግዶቹ ሙዝና ብስኩት በልተው ልጣጩንና ላስቲኩን በዛፉ ሥር ዘርተውታል። ንዋይ ክንዴን ይዞ ከአይሱዙው ኋላ ወሰደኝ።

«እማዬ፣ ምን አደረጉኝ? እንግዶቼን በረሃብ አስቀመጡብኝ!»

«ሣሩን ተቀብለህ ነበር» አልኩት።

«የምን ሣር?»

«የአዴ ዱሬቲን ሣር። ንዋይ፣ አንተ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ሲንቄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ሳቀ። ንዴቱ ጠፋ። ልጅ እንደሚያባብል ሰው ሆነ።

«አውቃለሁ እንጂ፣ እማዬ። ማወቄ ነው ሥራዬ። ሰው ይህን ሁሉ አገር ብስክሌት እየነዳ የሚመጣው ዕንባ ሊያይ አይደለም። ደግሞ ያ የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ነገ ይታረቃሉ። እርስዎስ ችለው አልፈው የለም እንዴ? ለንሳ ነግራኛለች። እርስዎ ስለቻሉ ነው ቤቱ ያልፈረሰው፣ እሷም ተምራ ሰው የሆነችው። እኔ እኮ በዚህ ነው የማከብርዎ።»

ይህን ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

ሊሰድበኝ ብሎ አይደለም ያለው። ከልቡ ነው። በሕይወቴ ብዙ አስቀያሚ ነገር ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ምስጋና የባሰ ግን የለም። የሳመኝን ቦታ በነጠላዬ ጠረግሁት። አሁን ስጽፍልሽም ያሳክከኛል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምሳ አወጣሁ! ምስር ወጡን አሞቅሁ፣ ፓስታውን ቀቀልኩ፣ ለአሥራ አራት ሰው በሣህን በሣህን አቀረብኩ። ቢፈልግ ራሱ ያቅርብ ብዬ መሄድ እችል ነበር። እጄ ግን የለመደውን ሠራ። ከንዋይ ቀጥሎ የዚያን ቀን የተጸየፍኩት ይህን እጄን ነው።

ያቺ ጠጉሯ የነጣው ፈረንጅ ሣህኗን ይዛ መጣች። ቋንቋ የለንም። እጇን በራሷ አገጭ ላይ አድርጋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ጃርሶን ቀና ብዬ አየሁት፤ ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ጃርሶ! ና፣ ጎማውን እይ!» አለ ንዋይ ከወዲያ።

ጃርሶ ሄደ። ልጆች አሉት፣ ሥራውን ይፈልጋል። እኔም ወደ ሸነን በጣቴ አሳየኋት፣ ከዚያ እጄን እንደ ትራስ አድርጌ ጉንጬ ላይ ደገፍኩ፤ ተኝታለች፣ ሐኪም ጋ ናት ማለቴ ነው። ምን እንደተረዳች አላውቅም። ምግቧን ሳትነካው ትታው ሄደች፤ እስከ ማታም ከንዋይ ጋር አልተነጋገረችም።

ማታ አንቺ ደወልሽ።

እሁድ አምቦ ተመለስን። ሰኞ ሾርባ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ቢፍቱ ጥርሷ በሽቦ ታስሯል፤ በቱቦ ትጠጣለች፣ ሕፃኑ ግን መጥባት ጀምሯል። አጠገቧ ያለችው እህቷ እንደነገረችኝ ሴቶቹ ቅዳሜን እዚያው መንገድ ላይ አደሩ። እሁድ ከቀትር በኋላ ባልየው ከዘመዶቹና ከሽማግሌዎች ጋር ሣር ይዞ መጥቶ ተንበረከከ። አዴ ዱሬቲ ግን «ተበዳይዋ በገዛ አፏ ስትናገር ነው የምንታረቀው» ብለው ቀጠሮ ሰጡት። ስለ ብስክሌቶቹም ተነሥቶ ነበር አሉ። ሲንቄዋን የተነጠቀችው ሴት በትሩን መልሳ አልያዘችውም፤ እናቷ ዘንድ ወስዳ «ሰው ጨፈረበት፣ ሌላ ስጪኝ» አለች አሉ።

ለአጎትሽም ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ጢሙን እየደባበሰ «ታዲያ ልጁ ሰው መታ?» አለኝ።

«አልመታም።»

«ሰረቀ?»

«አልሰረቀም።»

«እና ምን ልበላቸው? ፎቶ አነሣ ብዬ ነው ሽማግሌ የምመልሰው? አገር ይስቅብኛል፣ ወርቅቱ።»

እውነቱን ነው። ንዋይ ማንንም አልነካም። እንዲያውም ሁሉንም «እናቴ»፣ «እህቴ» እያለ ነው ያነጋገረው። ከበርበሬው መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ስለ ክፉ ሰዎች ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደ እሱ ያለውን በምን ስም እንደሚጠሩት ግን አላገኘሁም። እየተጎዳሽ ያይሻል። የምትዪውንም ይሰማል፣ ቋንቋሽን ያውቃል። ከዚያ ዞሮ ለሌላው ሰው «ደስ ብሏታል» ብሎ ይተረጉምልሻል።

አሁን፣ ለንሳዬ፣ ለመጻፍ የከበደኝን ልጻፍ።

«ለንሳ ነግራኛለች» አለኝ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አንቺ እንደማታውቂ ነበር የማስበው። አባትሽ ሆርዶፋ ሲሞት «እንደ እሱ ያለ አባት የለም» እያልሽ ስታለቅሺ፣ አብሬሽ «የለም» ብዬ አልቅሻለሁ። ተኝተሻል ብዬ ነበር። ሁልጊዜ መጋረጃውን ገልጬ አይሽ ነበር፤ ዓይንሽ ተጨፍኖ ነበር። ምን እንደሰማሽ፣ ስንት ዓመትሽ እንደነበረ አልጠይቅሽም። አላፈርኩብሽም፤ ስለነገርሽውም አልተቀየምኩሽም። ሰው ሊያገባው ላሰበው ሰው ቁስሉን ያሳያል። አንቺ የነገርሽው የማትችይውን እንዲያውቅልሽ ይመስለኛል። እሱ ግን የሰማው የምትችይውን ነው።

ታኅሣሥ 14 ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አጎትሽ ጋቢውን ለብሶ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ ደጅ ወጥቼ፣ በገዛ አፌ፣ «ልጄን አልሰጥም፣ በሰላም ተመለሱ» እላቸዋለሁ። በሽማግሌ ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ይንቀጥቀጥ። ይሳቁም። ይህን የሚያስቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንቺ ቃል። ይህን ሁሉ አንብበሽ «እማዬ፣ እኔ እፈልገዋለሁ» ካልሽኝ ደጁን አልዘጋም። አጎትሽ ይቀበላቸዋል፣ ሠርግሽም ይደገሳል፣ ወጡንም እኔ እሠራለሁ። ምርቃቱን ግን ከእኔ አትጠብቂ። መቻሌን ላንቺ አላወርስም።

እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅሽ። የምትመረምሪው ደም ሁሉ በሽታ የሌለበት ይሁንልሽ። የበረሃው ነፋስ ቀስ ብሎ ይንካሽ። እናቶች ሁሉ ልጃቸውን «ሆደ ሰፊ ያድርግሽ» እያሉ ይመርቃሉ፤ የእኔም እናት እንዲህ ብላ ነበር የመረቀችኝ። እኔ ግን፣ ልጄ፣ ሆድሽን አያስፋው እላለሁ።

እናትሽ
ወርቅቱ